የቢሮ ኔትወርክ ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

«ኢንተርኔት የለም» ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚሮጠው ራውተሩን አጥፍቶ ለማብራት ነው። አንዳንዴ ይሠራል። ነገር ግን ችግሩ ምን እንደነበር የሚያሳየው ፍንጭ አብሮ ይጠፋል፤ ከጥቂት ቀን በኋላም ያው ችግር ይመለሳል። ስለዚህ ምንም ነገር ከመንካትዎ በፊት ሁለት ጥያቄ ይመልሱ።

አንደኛው፦ የተቸገረው ማን ነው? አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ጥፋቱ ያለው በኮምፒውተሩ፣ በኬብሉ ወይም ኬብሉ በተሰካበት ፖርት ላይ ነው። አንድ ክፍል ሙሉ ከሆነ ለዚያ ክፍል መስመር የሚሰጠውን ስዊች (ኬብሎቹ የሚሰበሰቡበትን ሣጥን) ወይም አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ የሚያሰራጨውን ዕቃ) ይመልከቱ። ሁሉም ከሆነ ተጠርጣሪዎቹ ራውተሩ፣ ዋናው ስዊችና ከውጭ የሚገባው መስመር ናቸው። ሁለተኛው፦ ችግሩ ከመጀመሩ በፊት ምን ተሰካ፣ ምን ተነቀለ፣ የትኛው ዕቃ ቦታ ተቀየረ? ሠራተኞቹን በቁጣ ሳይሆን በእርጋታ ይጠይቁ፤ የሚቆጧቸው ከሆነ የነካውም ሰው «አልነካሁም» ይላል።

ሦስቱ ፒንጎች

በኮማንድ ፕሮምፕት (ትእዛዝ በሚጻፍበት የዊንዶውስ መስኮት) «አይፒኮንፊግ» (ipconfig) ብለው ጽፈው የኮምፒውተሩን አድራሻና ጌትዌዩን ያንብቡ። ጌትዌዩ የራውተሩ አድራሻ ነው፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ይሆናል። ከዚያ በቅደም ተከተል ፒንግ ያድርጉ (ping ብለው ከጎኑ አድራሻውን በመጻፍ መልስ መኖሩን ይፈትሹ)፦

1. ጌትዌዩን። ካልመለሰ ችግሩ እዚያው ቢሮ ውስጥ ነው፤ አገልግሎት ሰጪውን ገና አይደውሉለት።
2. 8.8.8.8ን (ኢንተርኔት ላይ ያለ የጉግል ሰርቨር)። ጌትዌዩ መልሶ ይህ ዝም ካለ የተቋረጠው ከራውተሩ ወደ ውጭ ያለው መንገድ ነው።
3. አንድ የታወቀ ድረ ገጽን በስሙ። ሁለቱ መልሰው ስሙ ብቻ እምቢ ካለ ጥፋቱ የዲኤንኤስ (የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው አገልግሎት) ነው።

የዲኤንኤስ ከሆነ እያንዳንዱን ኮምፒውተር እየዞሩ አያስተካክሉ። በራውተሩ የዲኤችሲፒ (ለኮምፒውተሮች አድራሻ የሚያድለው አገልግሎት) ገጽ ላይ የዲኤንኤስ አድራሻ አድርገው 8.8.8.8ን እና 1.1.1.1ን ያስገቡ፤ ኮምፒውተሮቹ አድራሻ ሲያድሱ ራሳቸው ይወስዱታል። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ቢሮው የራሱ ዶሜይን ሰርቨር (የሠራተኞችን መለያና ፈቃድ የሚያስተዳድር) ካለው ኮምፒውተሮቹ ዲኤንኤስ መጠየቅ ያለባቸው ያንን ሰርቨር ብቻ ነው። የውጭውን ካስገቡባቸው ሎግ ኢን ማድረግና ሼር ፎልደር መክፈት ይበላሻል።

አድራሻው በ169.254 ሲጀምር

ይህ ቁጥር ኮምፒውተሩ አድራሻ ጠይቆ መልስ ሲያጣ ለራሱ የሰጠው ነው። ኬብሉ ደህና ከሆነና ሌሎች ሰዎች እየሠሩ ከሆነ የመጀመሪያ ተጠርጣሪ የአድራሻዎች ማለቅ ነው። ራውተሩ የመጨረሻ ቁጥራቸው ከ100 እስከ 199 የሆኑትን ብቻ እንዲያድል ተደርጎ ከሆነ በእጁ ያለው 100 አድራሻ ነው። 25 ሠራተኛ ኮምፒውተርና ስልክ ሲያገናኝ 50ው ሄደ፤ በዚያ ላይ ካሜራ፣ ፕሪንተርና እንግዳ ይጨመራል። የኪራይ ጊዜው (አንድ ዕቃ የተሰጠውን አድራሻ የሚይዝበት ጊዜ) 24 ሰዓት ከሆነ ደግሞ ለግማሽ ሰዓት ስብሰባ የመጣ እንግዳ ስልክ አድራሻውን እስከ ነገ ይዞት ይውላል።

መፍትሄው የሚታደለውን የአድራሻ ክልል ማስፋት ነው፦ ከ50 እስከ 250 ያድርጉት፤ ከ2 እስከ 49 ያለውን ቋሚ አድራሻ ለሚፈልጉ ዕቃዎች ይተዉ። ለእንግዶች የተለየ ዋይፋይ ይክፈቱና የኪራይ ጊዜውን 2 ሰዓት ያድርጉ።

ግማሹ ሲሠራ ግማሹ ሲቆም

ይህኛው ሰውን በጣም ያደክማል። ጠዋት የሠራው ኮምፒውተር ከሰዓት ይቆማል፤ ሲጠፋና ሲበራ ደግሞ በዕድል ይሠራል። ከሚሠራውና ከማይሠራው ኮምፒውተር ላይ ጌትዌዩን ጎን ለጎን ያነጻጽሩ። ከተለያየ ቢሮው ውስጥ አድራሻ የሚያድሉ ሁለት ራውተሮች አሉ ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ዋይፋይ ደከመብኝ ያለ ሰው ከቤቱ ትንሽ ራውተር ያመጣና ከላን ፖርቶቹ (ለውስጥ ኔትወርክ ከተሠሩት ቀዳዳዎች) አንዱን ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ጋር ያገናኛል። ኮምፒውተሮቹ ቀድሞ የመለሰላቸውን ስለሚቀበሉ ዋናው ራውተር ትንሽ ከዘገየ የተሳሳተውን ይወስዳሉ።

ዕቃውን ለማግኘት ከተቸገረው ኮምፒውተር ወደ እንግዳው ጌትዌይ የማያቋርጥ ፒንግ ይክፈቱና ከስዊቹ ላይ ኬብል አንድ በአንድ ይንቀሉ። ፒንጉ የቆመበት ኬብል ወደ ዕቃው ይወስድዎታል። ማኔጅድ ስዊች (ገብተው የሚያስተካክሉት ዓይነት) ካለዎት የማክ አድራሻ (የእያንዳንዱ ዕቃ መለያ ቁጥር) ሰንጠረዡ ፖርቱን ሳይነቅሉ ይነግርዎታል። ዕቃው ከተገኘ በኋላ ወዲያው መጣል የለበትም፤ በዚያ ክፍል ዋይፋይ የሚያስፈልግ ከሆነ ወደ አክሰስ ፖይንት ሞድ ይቀይሩት። ሞዱ ከሌለው ዲኤችሲፒውን ያጥፉ፣ ማንም ያልያዘውን አድራሻ ይስጡት፣ ኬብሉንም በላን ፖርት ይሰኩ። ስዊቹ ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ (ከታመነው የዋናው ራውተር ፖርት በቀር አድራሻ ማደልን የሚያግድ) ካለው ያብሩት፤ ችግሩ ዳግም አይነሳም።

የስዊቹ መብራቶች በሙሉ አብረው ሲርገበገቡ

በደህና ቀን መብራቶቹ የሚበሩት በየራሳቸው ጊዜ ነው። ሁሉም በአንድ ላይ፣ በፍጥነት፣ ያለ ዕረፍት ከተርገበገቡና ቢሮው በሙሉ ከቆመ ሉፕ (መስመሩ ዞሮ በራሱ ላይ የገጠመበት ቀለበት) አለ። ጠረጴዛ ሥር ተንጠልጥሎ የነበረ የኬብል ጫፍ «ሜዳ ላይ እንዳይቀር» ተብሎ ክፍት ሶኬት ውስጥ ተሰክቶ ይሆናል፤ የኬብሉ ሁለት ጫፎች ወደ አንድ ስዊች ተመለሱ ማለት ነው። ለሁሉም የሚላክ መልእክት በኤተርኔት (በኬብል ኔትወርክ) ላይ የዕድሜ ገደብ ስለሌለው ቀለበቱ እስከሚቆረጥ ይዞራል፤ ስዊቹንም ሥራ ያሳጣዋል። ስዊቹን አጥፍቶ ማብራት እዚህ ላይ ዋጋ የለውም፤ ቀለበቱ እንዳለ ነው።

ከስዊቹ ላይ ግማሹን ኬብል በአንዴ ይንቀሉና 10 ሰከንድ ይጠብቁ። መብራቶቹ ከተረጋጉ ጥፋተኛው ከነቀሏቸው መካከል ነው፤ ካልተረጋጉ ከቀሩት። የተጠረጠረውን ግማሽ እንደገና ለሁለት ይክፈሉት። በ24 ፖርት ስዊች ላይ ከአራት ከአምስት ዙር አያልፍም። በኋላ እያንዳንዱን ኬብል በሁለቱም ጫፍ ላይ ቁጥር ይለጥፉበት፤ ስዊቹ ስፓኒንግ ትሪ ወይም የሉፕ መከላከያ ካለው ያብሩ።

ሲዘገይ

ላፕቶፕ ከራውተሩ ጋር በኬብል አገናኝተው ፍጥነቱን ይለኩ። በኬብል ደህና ሆኖ በዋይፋይ ብቻ ከዘገየ፣ በ2.4 ጊጋሄርዝ ላይ ቻናሉን 1፣ 6 ወይም 11 ያድርጉ፤ ሌሎቹ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ይደራረባሉ። የቻናሉን ስፋት 20 ሜጋሄርዝ ላይ ይተዉት፤ የሚችሉትን ዕቃዎች ወደ 5 ጊጋሄርዝ ያዛውሩ። ሠራተኛው በሚቀመጥበት ቦታ ሲግናሉ እስከ -67 ዲቢኤም (የሲግናል ኃይል መለኪያ፤ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ይጠነክራል) ከሆነ ለድምፅና ለቪዲዮ ስብሰባ ይበቃል፤ ከ-75 በታች ከወረደ መቆራረጥ ይጀምራል። የራውተሩን የማሰራጫ ኃይል መጨመር ብዙ አይረዳም፤ ስልኩ ራውተሩን ቢሰማም ራውተሩ የስልኩን ደካማ ሲግናል አይሰማም። በኬብል የተሳበ ሁለተኛ አክሰስ ፖይንት ከሪፒተር (ዋይፋይን ተቀብሎ መልሶ ከሚያሰራጭ ዕቃ) ይሻላል፤ በአንድ ቻናል የሚሠራ ሪፒተር እያንዳንዱን መልእክት ሁለቴ ስለሚያስተላልፍ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

የአንድ ኮምፒውተር ፍጥነት 95 ሜጋቢት አካባቢ ደርሶ ከዚያ አላልፍ ካለ ኬብሉን ይጠርጥሩ። ጊጋቢት ስምንቱንም ሽቦ ይፈልጋል፤ 100 ሜጋቢት ግን በ1፣ 2፣ 3 እና 6 ብቻ ስለሚሄድ ከሌሎቹ አራት አንዲት ሽቦ ስትላቀቅ መስመሩ ሳይቋረጥ ወደ 100 ይወርዳል። ጫፉን ቆርጠው አዲስ ማገናኛ (ጃክ) ይምቱበት፤ የሽቦዎቹ ተራ ይህ ነው፦ ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ፤ በሁለቱም ጫፍ ተመሳሳይ። የሽቦዎቹን ጥምዝምዝ ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ አይፍቱ፤ መስመሩም ከ100 ሜትር አይብለጥ።

ፍጥነቱ ሲለካ ደህና ሆኖ የቪዲዮ ስብሰባ ሲንተባተብ ደግሞ ወደ 8.8.8.8 የሚሄደውን ፒንግ ይከታተሉ። በዝምታ ጊዜ 20 ሚሊሰከንድ የነበረው ወደ 400 ከዘለለ አንድ ሰው የመላኪያ (አፕሎድ) መስመሩን ሞልቶታል፤ ብዙ ጊዜ ፋይሎችን ወደ ክላውድ የሚጭን ባክአፕ ነው። ባክአፑን ወደ ሌሊት ያዙሩት፤ በራውተሩ ኪውኦኤስ (የትራፊክ ቅድሚያ ማስተካከያ) ላይም የመላኪያ ጣሪያውን ከተለካው 90 በመቶ ላይ ይወስኑ።

ፕሪንተርና ሼር ፎልደር

መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ፕሪንተሩ «ኦፍላይን» የሚል ከሆነ አድራሻው ተቀይሮ ይሆናል። በራውተሩ ላይ በማክ አድራሻው ቋሚ አድራሻ ሪዘርቭ ያድርጉለት፣ ከዚያ በኮምፒውተሮቹ ላይ በቲሲፒ አይፒ ፖርት እንደገና ያስገቡት። ሌዘር ፕሪንተርን ዩፒኤስ ላይ አይሰኩ፤ ማሞቂያው ሲነሳ የሚስበው ኃይል ዩፒኤሱን ይጥለዋል።

ሼር ፎልደር ያለበት ኮምፒውተር ካልታየ የዊንዶውስ ኔትወርክ ፕሮፋይሉ ከ«ፐብሊክ» ወደ «ፕራይቬት» ይቀየር። ተራ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 በአንድ ጊዜ ከ20 በላይ ግንኙነት አይቀበልም፤ ቢሮው ወደዚያ ከተጠጋ ናስ (በኔትወርክ ላይ ፋይል የሚያስቀምጥ ዕቃ) ወይም ሰርቨር ያስፈልጋል። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ድረ ገጾች ሁሉ የደህንነት ማስጠንቀቂያ ካወጡ ሰዓቱንና ቀኑን ይመልከቱ፤ ሲጠፋ ሰዓቱን የሚረሳ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሲአር 2032 ባትሪ ይቀይሩ።

አገልግሎት ሰጪውን ከመደወልዎ በፊት

ላፕቶፑን በኬብል ከራውተሩ ጋር ብቻ ያስቀሩና ሌላውን ሁሉ ይንቀሉ። አሁንም 8.8.8.8 ካልመለሰ ጥፋቱ በራውተሩ ወይም በመስመሩ ላይ ነው። ሲደውሉ የተቋረጠበትን ሰዓት፣ የራውተሩ የትኛው መብራት ምን ቀለም እንዳለው፣ ጌትዌዩ መልሶ 8.8.8.8 ዝም ማለቱንና ሙከራው ያለ ዋይፋይ በአንድ ኮምፒውተር ብቻ መደረጉን ይንገሯቸው።