ከሽንት መውጫ ቀዶ ሕክምና በኋላ፦ የድርብ ዳይፐር ዘዴ

በሕፃናት ቀዶ ሕክምና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ኤፒስፓዲያስ እምብዛም የማይገጥም የትውልድ ችግር ነው፤ በወንዶች ላይ የሽንት ቀዳዳው በብልቱ ጫፍ ሳይሆን በላይኛው በኩል ይከፈታል። ሐኪሙ የሽንት መስመሩን ሠርቶ፣ እስኪድን ቀጭን ቱቦ ይተውበታል። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ትቆያለች። ወላጆችን ከቀዶ ሕክምናው በላይ የምታስጨንቃቸው ይቺው ቱቦ ናት።

ቱቦዋ ዳይፐር ውስጥ የምታንጠባጥብ ከሆነች ሁለት ዳይፐር አዘጋጁ። አንዱ በአንድ ቁጥር ይብለጥ። በትንሹ ዳይፐር የፊት ክፍል ላይ ሳንቲም የምታህል ቀዳዳ በመቀስ አውጡ፤ ልጁ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ! አልብሱትና ቱቦዋን ሳትጎትቱ በቀዳዳው አሳልፏት። ከዚያ ትልቁን ደርቡበት። ውስጠኛው ሰገራ ይይዛል፣ ውጪኛው ሽንት። ቱቦዋ እንዳልታጠፈች በየቅያሪው እዩ።

ሽንቱ ትንሽ ሮዝ ቢሆን አትደንግጡ። ልጁ ድንገት እግሩን ሰብስቦ እያለቀሰ በቱቦዋ ዙሪያ ሽንት ካፈሰሰ ፊኛው ተኮማትሮ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሐኪሙ ኦክሲቡቲኒን ሊያዝ ይችላል። መድኃኒቱ ግን ሆድ ያደርቃል፤ ድርቀቱ ደግሞ መልሶ ፊኛውን ያስቆጣዋል። ስለዚህ ጡት ወይም ፈሳሽ አብዙለት።

ወገብ ላይ አንፈራጦ መያዝ ለጊዜው ይቅር። ውጪኛው ዳይፐር ለሁለት ሰዓት ያህል ደረቅ ከሆነ፣ ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ወይም ቱቦዋ ከወጣች ወዲያው ለሐኪሙ ደውሉ። የወጣችን ቱቦ መልሶ ማስገባት የእናንተ ሥራ አይደለም።