የእድገት ውስንነት ካለባቸው አዋቂዎች ጋር ሸክላና ሥዕል ስንሠራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ዳውን ሲንድረም፣ ኦቲዝም፣ ሴሬብራል ፓልሲ (የአንጎል ጉዳት የሚያመጣው የእንቅስቃሴ ችግር) ወይም ሌላ የእድገት ውስንነት ያለባቸው አዋቂዎች በሚሠሩበት ክፍል ውስጥ አንድ ሥራ ሲበላሽ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የሚላከከው በሠሪው እጅ ላይ ነው። ጠጋ ብሎ ለመረመረው ግን ጭቃው ጠንክሮ ነበር፣ ጠረጴዛው ከፍ ብሎ ነበር፣ ወይም ረዳቱ ቸኩሎ ነበር። ከታች የተዘረዘሩት ሁሉም የእኛ የደጋፊዎቹ ስህተቶች ናቸው፤ ስለዚህም ልናርማቸው እንችላለን።

አዋቂን እንደ ሕፃን ማስተናገድ

አርባ ዓመት ያለፋቸውን ሰው «ማሙሽ»፣ «ሚሚዬ» ብሎ መጥራት ከአፍ ይጀምርና ወደ ጠረጴዛው ይወርዳል። ከዚያ በኋላ የሚቀርበው የሕፃናት ማቅለሚያ መጽሐፍ፣ ተቆርጦ የተዘጋጀ ቢራቢሮ፣ ፀጉሩ የሚረግፍ ብሩሽ ነው። የዕቃው ጥራት ሥራውን በቀጥታ ይነካዋል። ተራ የቢሮ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ይመዝናል፤ ውሃ ሲነካው ይሸበሸባል፣ ብሩሽ ሁለት ጊዜ ሲመላለስበት ይቀደዳል፤ ሰውም «እኔ አልችልም» ብለው ይነሳሉ። ለአክሬሊክ (በውሃ ለሚቀጥንና ቶሎ ለሚደርቅ ቀለም) ቢያንስ 200 ግራም፣ ለውሃ ቀለም 300 ግራም ወረቀት ስጡ። ሌላ ሠዓሊ የማይሠራበትን ዕቃ ለእነሱም አታቅርቡ።

እጅ ይዞ መሥራት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ረዳቱ እጁን በሠሪው እጅ ላይ ጭኖ ብሩሹን ይመራል፤ ወይም ሠሪው ፊታቸውን ሲያዞሩ የተጣመመውን የማሰሮ ጆሮ ያቃናል። ውጤቱ ያምራል፣ ቤተሰብም ይደሰታል፣ ሥራው ግን የረዳቱ ሆኗል። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሰውየው እጃቸውን ዘርግተው እስኪያዝላቸው ይጠብቃሉ። ያስተማርነው መጠበቅን ነው ማለት ነው።

እርዳታ ተራ አለው። መጀመሪያ ዝም ብላችሁ ጠብቁ፤ ከተናገራችሁ በኋላ በልባችሁ እስከ 10 ቁጠሩ። መልሱ እየመጣ ሳለ ጥያቄውን በሌላ ቃል ከደገማችሁት ሰሚው እንደገና ከመጀመሪያው ለመረዳት ይገደዳሉ። መጠበቁ ካልበቃ በጣት አመልክቱ። ያም ካልበቃ በራሳችሁ ጭቃ ላይ አሳዩ እንጂ የእሳቸውን አትንኩ፤ ካሳያችሁ በኋላም የራሳችሁን ጨፍልቁት። የአካል እርዳታ ግድ ሲሆን አስፈቅዳችሁ እጃችሁን ከሥር አድርጉ፣ የእሳቸው እጅ ከላይ ይሁን። ከላይ ያለ እጅ በፈለገ ጊዜ መነሳት ይችላል፣ ከሥር የተያዘ ግን አይችልም።

ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ደግሞ እጁ ሳይሆን መያዣው ነው። የብሩሹን እጀታ 3 ሴንቲሜትር ገደማ እስኪወፍር ድረስ በስፖንጅ ጠቅልላችሁ በፕላስተር እሰሩት። ከሚሠሩበት ሰሌዳ ሥር እርጥብ ጨርቅ አንጥፉ፣ እንዳይንሸራተት። እግር መሬት ይርገጥ፤ ጠረጴዛው ክርን ሲታጠፍ ከሚውልበት ከፍታ አይብለጥ። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ሰው ክርናቸውን ሲያስደግፉና ከበድ ያለ እጀታ ሲይዙ መስመሩ ሊረጋጋ ይችላል። እነዚህን ሁሉ ሳንሞክር የሰውን እጅ መያዝ የለብንም።

ናሙና አቁሞ «እንዲህ ሥሩ» ማለት

ፊት ለፊት የተቀመጠ ያማረ ሳህን ሠሪውን ገልባጭ ያደርጋል፤ ከእሱ ጋር የማይመሳሰለው ሁሉ ደግሞ «ስህተት» ይመስላል። ከናሙና ይልቅ የሚዳሰስ ነገር አቅርቡ፦ ድንጋይ፣ ቅጠል፣ የራሳቸው ጫማ፣ የሚወዱት አውቶቡስ ፎቶ።

ጭቃን ከከረጢቱ እንደወጣ መስጠት

ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ብዙ ሰዎች ጡንቻቸው ላላ ያለና መገጣጠሚያቸው የሚለጠጥ ነው። ወራት የተቀመጠ ጭቃ ለእንዲህ ያለ እጅ ድንጋይ ነው። ከክፍሉ በፊት በነበረው ቀን ፈትሹ፤ አውራ ጣታችሁ ብዙ ሳይገፋ 1 ሴንቲሜትር ካልገባ ጠንክሯል ማለት ነው። በጭቃው ላይ በጣት ጉድጓዶች አበጁ፣ ውሃ ሙሏቸው፣ በእርጥብ ፎጣ ጠቅልላችሁ ከረጢቱን አጥብቃችሁ እሰሩና አሳድሩት። ጠዋት ሲታሽ ይለሰልሳል።

መጠኑም ይታሰብበት። ለጀማሪ ከ500 ግራም እስከ 1 ኪሎ የሚሆን ኳስ ይበቃል። 3 ኪሎ ሲቀርብላቸው አንዳንዶች መነካካት ይፈራሉ፤ 100 ግራም ደግሞ ጣቶቹ ደህና አድርገው ለማይታዘዙ ሰው በጣም ጥቃቅን ይሆናል። ጠፍጣፋ ጭቃ መዳመጥ የሚፈልጉ ከሆነ በጭቃው ግራና ቀኝ 8 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ጣውላዎች አስቀምጡ፤ መዳመጫው በጣውላዎቹ ላይ እየተንከባለለ ጭቃው እኩል ይሆናል፣ ማንም «በዝቷል፣ አንሷል» ማለት አያስፈልገውም።

በጎድጓዳ ሳህን ውሃ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥም ሌላው ችግር ነው። ውሃ የሚያስደስታቸው ሰው ሥራውን በሙሉ ወደ አጥሚት ይለውጡታል፤ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። እርጥብ ስፖንጅ ይበቃል። ደስታቸው ውሃው ራሱ ከሆነ ደግሞ ለብቻው ሰፊ ትሪ ላይ ውሃና ጭቃ ስጧቸው፤ እሱም ሥራ ነው። በተቃራኒው የእርጥብ ጭቃ ስሜት የሚሰቀጥጣቸው አሉ፣ በተለይ ኦቲዝም ካለባቸው መካከል። «ትለምደዋለህ» እያሉ ማስገደድ ሰውን ከክፍሉ ያስወጣል። ስስ ጓንት፣ የእንጨት መሣሪያ፣ ወይም ውሃው መጠጥ ብሎ እጅ ላይ የማይጣበቅ ጭቃ አማራጭ ናቸው።

«የአየር አረፋ ነው ያፈነዳው» እያሉ ሠሪውን መውቀስ

ሸክላ ምድጃ ውስጥ ሲፈነዳ «ደህና አልታሸም» ይባላል። በአብዛኛው የሚያፈነዳው አየር ሳይሆን ጭቃው ውስጥ የቀረ ውሃ ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መጠኑ ከ1,600 ጊዜ በላይ ይሰፋል፤ በወፍራም ግድግዳ ውስጥ ማምለጫ ሲያጣ ጭቃውን ይበትነዋል። አዋቂዎቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወፍራምና ድፍን ነገር መሥራት ይወዳሉ። መፍትሔው ሥራቸውን ቀጭን እንዲያደርጉ ማስገደድ አይደለም፤ ማድረቁና መተኮሱ የእኛ ሥራ ነው።

ከ2 ሴንቲሜትር በላይ የወፈረ ሥራ እንደ ቆዳ ሲጠነክር፣ ግን ሳይደርቅ፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ከሥሩ ውስጡን ቦርቡሩ፤ ውጩ አይነካም። በላስቲክ ላላ አድርጋችሁ ሸፍናችሁ ለአንድ ሳምንት፣ ከዚያም ገልጣችሁ ለሌላ ሳምንት አድርቁት። ጉንጫችሁ ላይ አድርጉት፤ ከቀዘቀዘ ውስጡ አሁንም እርጥብ ነው። ወደ ምድጃ ሲገባ ማስተንፈሻው ክፍት ሆኖ በ90 ዲግሪ አካባቢ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ ይቆይ። ከዚያ እስከ 600 ዲግሪ ድረስ በሰዓት ከ60 እስከ 100 ዲግሪ ብቻ ጨምሩ፤ በ573 ዲግሪ ላይ ጭቃው ውስጥ ያለው ኳርትዝ የተባለ ማዕድን በድንገት መጠኑን ስለሚቀይር እዚያ መቸኮል ያሰነጥቃል። የመጀመሪያው መተኮስ 1,000 ዲግሪ ገደማ ላይ ያበቃል። ወፍራሞቹን ከቀጫጭኖቹ ለይታችሁ ተኩሱ፤ አንዱ ሲፈነዳ ጎረቤቶቹን ይዞ ነው የሚሄደው።

ከተሰበረም አትደብቁ፣ በተመሳሳይ ሥራም አትተኩ። ስባሪውን አሳዩ፤ የሆነውን በአጭር ቃል ንገሩ። አዋቂ ሰው ማዘን ይችላል፤ የሚጎዳው መታለል ነው።

የተገነጠለን ክፍል በእርጥብ ጭቃ መለጠፍ

እጅና ጆሮ የሚረግፉት ሲጋጠሙ ስላልተጫሩ ነው። ሁለቱንም ገጽ በሹካ ጫሩ፣ እርጎ በመሰለ ወፍራም የጭቃ ውሃ ቀቡ፣ ከዚያ ተጫኑ። ደርቆ ከተገነጠለ ግን እርጥብ ጭቃ አይዘውም፤ አዲሱ ሲደርቅ ይኮማተርና ተመልሶ ይወድቃል። ሁለቱንም ለየብቻ ተኩሳችሁ በኋላ ኢፖክሲ በተባለ ጠንካራ ሙጫ ማጣበቅ ይሻላል።

ግሌዝን በጥሬ ቀለሙ ማስመረጥ

ግሌዝ ማለት ሲተኮስ እንደ መስታወት የሚሆነው ሽፋን ነው። ኮባልት ያለበት ግሌዝ በጥሬው ወደ ሐምራዊ ሊያዘነብል ይችላል፣ ሲተኮስ ግን ሰማያዊ ነው። ሐምራዊ የመረጡ ሠሪ ሰማያዊ ሲሰጣቸው «የኔ አይደለም» ማለታቸው ትክክል ነው። በየግሌዙ ዕቃ ላይ በዚያው ግሌዝ የተተኮሰ ናሙና ስባሪ እሰሩ፤ ምርጫው በስባሪው ይሁን። የሥራውን መቀመጫ እስከ 5 ሚሊሜትር ከፍታ ድረስ በስፖንጅ ጥረጉ፣ አለዚያ ከምድጃው መደርደሪያ ጋር ይጣበቃል።

ብናኝንና አፍን መዘንጋት

የደረቀ ጭቃ ብናኝ ሲሊካ የተባለ ማዕድን አለው፤ ዓመታት ሲተነፈስ ሳንባን ያቆስላል። በደረቅ መጥረጊያ አትጥረጉ፣ የደረቀ ሸክላ በብርጭቆ ወረቀት አትሹ፤ ሁሉም በእርጥብ ስፖንጅና በእርጥብ መወልወያ ይሁን። ምግብ ያልሆነ ነገር የመብላት ልማድ ያላቸው ሰው ካሉ እርሳስ፣ ባሪየም ወይም ማንጋኒዝ ያለበት ግሌዝና ካድሚየም ያለበት ቀለም ክፍሉ ውስጥ አይግባ። «መርዛማ ያልሆነ» የሚል ጽሑፍ ይበላል ማለት አይደለም። የመጠጥ ኩባያና የብሩሽ ማጠቢያ በቅርጽም በቀለምም ይለያዩ።

ምድጃው በሚቆለፍ ክፍል ይሁን። የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰው ከፍ ባለ በርጩማ ላይ አይቀመጡ፤ ክንድ ማስደገፊያ ያለው ወንበር ይሻላል። ሲጥላቸው ምን እንደሚደረግ ሁሉም ረዳት አስቀድሞ ይወቅ።

አሥራ ሁለት ቀለም በአንድ ጊዜ መዘርጋት

ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ አንድ ላይ ሲታሹ ቡናማ ይሆናሉ። ብዙ ቀለም የቀረበላቸው ሰው መጨረሻቸው ጭቃ መሳይ ቀለም ሲሆን «ቀለም አይገባቸውም» ይባላል። ሁለት ቀለምና ነጭ ይበቃሉ። ለየቀለሙ አንድ አንድ ብሩሽ ስጡ፤ ማጠብ ለሚያደክማቸው ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። አክሬሊክ ስስ ሆኖ ከተቀባ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ስለሚደርቅ ያረፈ ብሩሽ ወዲያው ውሃ ውስጥ ይግባ።

መደጋገምን እንደ ችግር ማየት

«ዛሬም ያንኑ ክብ?» አትበሉ። ጃፓናዊው ሺኒቺ ሳዋዳ ኦቲዝም ያለባቸው ሸክላ ሠሪ ናቸው፤ አውሬ መሰል ቅርጾቻቸውን በትንንሽ እሾህ መሳይ ጭቃዎች ደጋግመው ይሸፍናሉ። ሥራዎቻቸው እ.ኤ.አ. በ2013 ጣሊያን ውስጥ በሚካሄደው በቬኒስ ቢየናሌ የጥበብ ኤግዚቢሽን ታይተዋል። አንድ ሰው «ይበቃል፣ አዲስ ነገር ሞክር» ቢላቸው ኖሮ ሥራው ያ አይሆንም ነበር።

ቶሎ ተስፋ መቁረጥም የዚሁ ወንድም ነው። ዳውን ሲንድረም የነበረባትና መስማት የተሳናት አሜሪካዊቷ ጁዲት ስኮት (እ.ኤ.አ. 1943–2005) ኦክላንድ ወዳለው ክሪኤቲቭ ግሮውዝ የጥበብ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1987 ገባች። ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሥዕል እምብዛም አልሳባትም። ክርና ጨርቅ ስታገኝ ግን ዕቃዎችን እየጠቀለለች በዓለም የታወቁ ቅርጾችን ሠራች። ሥዕል ያልሳበው ሰው ጭቃ ይስበው ይሆናል፣ ጭቃም ካልሆነ ክር፤ ዕቃውን ቀይሩ እንጂ ሰውየውን ከዝርዝር አትሰርዙ።

«ጨረሱ?» ብሎ ብቻ መጠየቅ

ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲታዘዙ የኖሩ ብዙ ሰዎች ለማንኛውም ጥያቄ «አዎ» ይላሉ። ሁለት ምርጫ አቅርቡ፦ አንድ እጅ ላይ ብሩሽ፣ በሌላው ማድረቂያ መደርደሪያውን ማመልከት። የሚመለከቱትን ወይም የሚነኩትን ተከተሉ። ክፍሉ ከማለቁ 10 ደቂቃ፣ ከዚያም 5 ደቂቃ ሲቀር አሳውቁ፤ ከእጃቸው ተነጥቆ የሚወሰድ ሥራ ቁጣ ያስነሳል፣ ቁጣውም አግባብ ነው።

ስምና ገንዘብን መርሳት

ገና እርጥብ ሳለ ከሥሩ ስምና ቀን ይጻፍ፤ መጻፍ የማይችሉ ከሆነ የራሳቸው ምልክት፣ የጣት አሻራም ቢሆን። ለኤግዚቢሽን፣ ለፎቶና ለሽያጭ እያንዳንዱን ለየብቻ አስፈቅዱ፤ ዛሬ ለፎቶ ፈቅደዋል ማለት ነገ ለመሸጥ ፈቅደዋል ማለት አይደለም። ሲሸጥ የሠሪው ድርሻ ስንት እንደሆነ ከመሸጡ በፊት በጽሑፍ ይቀመጥ፣ ገንዘቡም ለእሳቸው ይድረስ። ወደ ቤቴ እወስደዋለሁ ካሉ፣ ገዢ ቆሞ ቢጠብቅም፣ ሥራው ከእሳቸው ጋር ይሄዳል።