በአከራካሪ ግዛት ላይ ሲደራደሩ ቃልን እንዴት መምረጥ ይገባል

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ውጫሌ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል መጠሪያ ናት፤ በአንቀጽ 17 አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ዳግማዊ ምኒልክ በኢጣልያ አማካይነት ከሌሎች መንግሥታት ጋር መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የጣልያንኛው ቅጂ «ተስማምተዋል» የሚል ግሥ በመያዙ ሮማ ኢትዮጵያን ጥገኛዬ ናት አለች። እኛ ደሴዎች ይህን ከማንም በላይ ልናስታውሰው ይገባል።

ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት ግሦቹን በሁለቱም ቋንቋ ጎን ለጎን አስቀምጠው ይመርምሩ፤ ልዩነት ቢነሳ የትኛው ቅጂ ገዥ እንደሚሆንም በውሉ ያስፍሩ። «የተወሰደብን መሬት» ከማለት «የይገባኛል ጥያቄ የተነሳበት አካባቢ» ይበሉ። ስምምነቱ ጊዜያዊ ከሆነ «ይህ ውል የማንኛውንም ወገን የሉዓላዊነት አቋም አይለውጥም» የሚል ሐረግ ይጨምሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1959 የተፈረመው የአንታርክቲካ ስምምነት አንቀጽ 4 የተመሠረተው በዚሁ ዘዴ ነው። ካርታ ከተያያዘም መስመሩ ድንበርን እንደማያመለክት ከግርጌው ይጻፍ።