«እዚያ ስደርስ እለምደዋለሁ» እና ሌሎች ስህተቶች፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ወደ ስፔን ለትምህርት ለምትሄዱ

ስፔን ልሄድ ነው የሚል የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ልጅ ሲገጥመኝ ስለ ቪዛው አልጠይቅም። ባልጠይቀውም ይነግረኛል። የምጠይቀው «ስፓኒሽ ጀመርክ?» ብዬ ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ ያው ነው፤ «እዚያ ስደርስ እለምደዋለሁ»። ከማነሳቸው ስህተቶች ሁሉ ትልቁ ይኸው ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ምንም ሳይዙ መሄድ

ቋንቋ በአገሩ ነው የሚለመደው ይባላል። እውነት ነው፤ ግን መነሻ ላለው ሰው ነው። ከዜሮ የሚነሳ ሰው ማድሪድ ላይ የሚሰማው ጫጫታ ብቻ ነው። የት ላይ አንዱ ቃል አልቆ ሌላው እንደሚጀምር እንኳ አይለይም። ስለዚህ ወይ በእንግሊዝኛ ይግባባል፣ ወይ ሐበሻ ፈልጎ ይጠጋል። ስድስት ወር እንዲህ ያልፋል።

ደግሞ ቋንቋው ከምንም ጊዜ በላይ የሚያስፈልገው ገና በደረሳችሁበት ወር ነው። ከስድስት ወር በላይ የምትቆዩ ከሆነ በገባችሁ በአንድ ወር ውስጥ የውጭ ዜጋ መታወቂያ ካርድ መጠየቅ አለባችሁ። ለእሱ «ሲታ ፕሬቪያ» የሚሉት ቀጠሮ ያስፈልጋል፤ ቀጠሮው ደግሞ በተለይ በትልልቅ ከተሞች በቀላሉ አይገኝም። የምትኖሩበትን አድራሻ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ታስመዘግባላችሁ። ቤት ትከራያላችሁ፣ ባንክ ትከፍታላችሁ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው ብላችሁ ኢራስመስ ሙንዱስ የሚባለውን የአውሮፓ ኅብረት የነጻ ትምህርት ዕድል ብታገኙም የቤት አከራያችሁ ኢራስመስ ሙንዱስ አይደለችም።

የቋንቋ ደረጃ ከኤ1 እስከ ሲ2 ይቆጠራል። ኤ2 ይዛችሁ ብትሄዱ ጥሩ መነሻ ነው። በስፓኒሽ ዲግሪ ለመማር ግን ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ጊዜ ቢ2 ይጠይቃሉ፤ ይኼ በሁለት ወር ጥድፊያ የሚገኝ አይደለም።

ስፓኒሽን በእንግሊዝኛ በኩል መማር

ይኼ የሚገርመኝ ነገር ነው። በእጃችን አማርኛ እያለ በእንግሊዝኛ እንዞራለን። በእንግሊዝኛ የተማረ ልጅ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር «ዮ» ብሎ ይጀምራል፤ «እኔ፣ እኔ፣ እኔ» እንደሚል ሰው ይሆናል። ስፓኒሽ እንደ አማርኛ ነው፤ ማን እንደተናገረ ግሡ ራሱ ይናገራል። «አብሎ» ማለት «እናገራለሁ» ነው፤ አለቀ።

«ሜ ጉስታ ኤል ካፌ» የሚለው ደግሞ የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎችን ብዙ ያስቸግራል፤ ቡናው ባለቤት፣ ሰውየው ተቀባይ ስለሚሆን። እኛ «ቡና ይጥመኛል» ስንል ያደግን ሰዎች ነን። «ራሴን ያመኛል» የሚል ሰው «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» ለማለት ምንም አይቸገርም። ድምፁም ያግዘናል። «ኝ» አለችን፣ «ች» አለችን። በ«ፔሮ» (ግን) እና በ«ፔርሮ» (ውሻ) መካከል ያለውን ልዩነት «ከረረ» ስንል መሃሏን ረ እንደምናጠብቃት አድርጎ መያዝ ይቻላል። ማጥበቅና ማላላት የኛ ሥራ ነው።

የሚከብደን ሌላ ነው፤ የዓረፍተ ነገሩ ቅደም ተከተል። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ስፓኒሽ መሃል ላይ ይለቀዋል። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ የምንጠብቅ ሰዎች ዋናው ነገር ያመልጠናል። መድኃኒቱ መስማት ነው። ኔት ሲገኝ የስፔኑን ሕዝብ ሬዲዮ ፕሮግራሞች አውርዳችሁ ያዙ፤ ሲቋረጥም ትሰማላችሁ።

ኳስ የምትወዱ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ቀለለ። የሪያል ማድሪድን ጨዋታ ማታ አይታችሁታል እንበል። ማን አገባ፣ ማን ቀይ አየ፣ ታውቃላችሁ። ጠዋት ማርካ ጋዜጣ ላይ ዘገባውን በስፓኒሽ አንብቡት። «ፖርቴሮ» ግብ ጠባቂው፣ «አርቢትሮ» ዳኛው መሆኑን ማንም ሳይነግራችሁ ትደርሱበታላችሁ። የአርሰናል ደጋፊዎች ለጥቂት ወር ይታገሱ።

ኩባ የተማሩትን አለመጠየቅ

አስተማሪ የለም የሚሉ አሉ። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ወደ ኩባ ተልከዋል። ብዙዎቹ ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ በምትባል ደሴት ተምረው ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የእርሻ ባለሙያ ሆነዋል። ዛሬ ስልሳዎቹን የተጠጉ ወይም ያለፉ ጋሼዎችና እትዬዎች ናቸው። በየሆስፒታሉ፣ በየግብርናው፣ በየዩኒቨርሲቲው አጠያይቁ። ዘመድ በዘመድ ሲፈለግ የማይገኝ ሰው የለም።

«ጋሼ፣ ስፓኒሽ ልለማመድ ፈልጌ ነበር፤ በሳምንት አንድ ቀን ቡና እየጠጣን ቢያወሩኝ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። እንዲያውም ብዙዎቹ የሚያወሩት ሰው አጥተው ነው የተቀመጡት። አንድ ነገር ብቻ እወቁ፤ የኩባ ሰው በቃል መጨረሻ ያለችውን «ስ» ይውጣታል። «ግራሲያስ» «ግራሲያ» ይሆናል። ማድሪድ ስትሄዱ ያው ቃል ምላስ በጥርስ መሃል ወጥቶ ነው የሚነገረው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ጋሼን አታርሟቸው።

ከተማውን በስሙ መምረጥ

ባርሴሎና ሁሉም የሚያውቀው ስም ነው። ግን የባርሴሎና ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ኮርስ የሚሰጡት በካታላን ነው። ካታላን ራሱን የቻለ ቋንቋ እንጂ የስፓኒሽ ዘዬ አይደለም። ቫሌንሺያ፣ ጋሊሺያና የባስክ አገርም የየራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ስፓኒሽ ሁሉም ይችላል፤ ሱቅ ውስጥ አትቸገሩም። ክፍል ውስጥ ግን መምህሩ በካታላን ሲያስተምር የምትቀመጡት እናንተ ናችሁ። ከመመዝገባችሁ በፊት የእያንዳንዱ ኮርስ የማስተማሪያ ቋንቋ ምን እንደሆነ እዩ፤ የኮርሱ መግለጫ ላይ ይጻፋል።

ዓላማው ስፓኒሹ ብቻ ከሆነ ሳላማንካን ወይም ቫያዶሊድን እመርጣለሁ። የሳላማንካ ዩኒቨርሲቲ በ1218 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ነው፤ ለውጭ ዜጎች ስፓኒሽ በማስተማርም የታወቀ ነው። ከተማዋ ትንሽ ስለሆነች በእግር ታዳርሷታላችሁ። ብርዷን ግን የደሴ ልጅም አይናቃት፤ በክረምታቸው ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል። ሙቀት የለመደ የኮምቦልቻ ልጅ ሴቪያን ይወድ ይሆናል፤ እሷም በበጋ ከ40 ዲግሪ በላይ ትወጣለች።

ስምና ቀን

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው በትንሽ ነገር ነው።

ሰይድ ይማም የሚባል ልጅ አስቡ። ወሎ ውስጥ ሰይድና ይማም ሞልቷል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሰርተፊኬቱ ላይ «ሰይድ» በኢ እና በአይ ተጽፏል፤ ፓስፖርቱ ላይ በኤ እና በዋይ። ይማም አንዱ ላይ በዋይ፣ ሌላው ላይ በአይ ይጀምራል። ለኛ አንድ ሰው ነው። ለቪዛ መርማሪው ሁለት ሰው ነው። የፓስፖርቱን አጻጻፍ መሠረት አድርጋችሁ ሌላውን ሁሉ ከእሱ ጋር አስተያዩ፤ ልዩነት ካለ ማመልከቻ ከማስገባታችሁ በፊት አስተካክሉ።

የስፔን ፎርም ደግሞ ሁለት የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ አንደኛው ከአባት፣ ሁለተኛው ከእናት የሚመጣ ነው። የኛ ልጅ እዚህ ላይ የእናቱን ስም ይጽፍና ከፓስፖርቱ ጋር ይጣላል። ፓስፖርቱ የሚለውን ብቻ ጻፉ። እናታችሁ አይቀየሙም።

ቀኑም እንደዚያው ነው። ጥር 10 ቀን 1996 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ በፈረንጅ ጃንዋሪ 19 ቀን 2004 ነው የተወለደችው። ዓመቱን ብቻ ቀይራ «10/05/2004» ብትጽፍ (ጥር አምስተኛ ወር ናትና) ስፔን ውስጥ ሜይ 10 ተብሎ ይነበባል። በአንድ ጊዜ አራት ወር ገደማ ታንሳለች። ሰዓትም እንዲሁ፤ ቀጠሮ ላይ 9፡00 ካለ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። 15፡00 ካለ ከሰዓት 9 ሰዓት ነው። የስልካችሁን ሰዓት ከአሁኑ በነሱ አቆጣጠር መቁጠር ልመዱ።

ለረጅም ጊዜ የተማሪ ቪዛ የመቀበያ ደብዳቤ፣ የገንዘብ ማስረጃና የጤና መድን ያስፈልጋል። ከስድስት ወር ከበለጠ ከወንጀል ነጻ የሚል ማስረጃና የሐኪም ወረቀትም ይጨመራል። የትምህርት ማስረጃ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያም በኤምባሲው ይረጋገጣል። ትርጉሙም ሕጋዊ ፈቃድ ባለው ተርጓሚ መሆን አለበት። አዲስ አበባ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ማህተም ረስቶ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ያንን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። «እኔ ሁሉንም እጨርስልሃለሁ» የሚል ደላላም አይጠፋም። የመቀበያ ደብዳቤውን ዩኒቨርሲቲው ራሱ በኢሜይል ካላረጋገጠላችሁ ሰባራ ሳንቲም አትስጡት።

በብር ማስላት

የስፔን መንግሥት የተማሪ ወጪ የሚለካው ኢፕሬም በሚባል መለኪያ ነው፤ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወር 600 ዩሮ ሆኗል። ለእያንዳንዱ ወር ይህን ያህል እንዳላችሁ ታሳያላችሁ። በጀታችሁን በዩሮ ጻፉት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 58 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት 100 ማለፉን ያየ ሰው በብር ዕቅድ አይዝም።

የተሳሳተ ፈተና መፈተን

የስፓኒሽ ችሎታችሁን የሚያረጋግጡ ሁለት የታወቁ ፈተናዎች አሉ። ዴሌ የሚባለው የሰርቫንቴስ ተቋም (የስፔን መንግሥት የቋንቋ ተቋም) ፈተና ጊዜ አያልፍበትም፤ የምትፈተኑትን ደረጃ አስቀድማችሁ ትመርጣላችሁ፤ ከወደቃችሁ ወደቃችሁ ነው። ሲዬሌ በኮምፒውተር ነው፤ የደረሳችሁበትን ደረጃ ይነግራችኋል፤ ግን የሚያገለግለው ለአምስት ዓመት ነው። ዩኒቨርሲቲያችሁ የትኛውን እንደሚቀበል ሳትጠይቁ አትክፈሉ።

ይሉኝታ

ወሎ ውስጥ ትልቅ ሰው ሲናገር አይቋረጥም። ሰው ሲያወራ መሃል መግባት ባለጌነት ነው። ስፔን ላይ ይኼ ጨዋነት ይጎዳችኋል። ጠረጴዛ ዙሪያ አምስት ሰው ካለ ሦስቱ በአንድ ጊዜ ያወራሉ። ተራችሁን ስትጠብቁ ምሽቱ ያልቃል። ዝም ያለ ሰው ወይ አልገባውም፣ ወይ ደብሮታል ተብሎ ነው የሚታሰበው። ጨዋ ነው የሚል የለም።

«ኦዬ» ብላችሁ ግቡ፤ «ስማ» እንደማለት ነው። ካልገባችሁ «ኮሞ?» በሉ። «ማስ ዴስፓሲዮ፣ ፖር ፋቦር» ካላችሁ ቀስ ይሉላችኋል። መምህሩንም ብዙ ጊዜ «ቱ» ይሉታል፤ አንተ ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ አፋችሁ እምቢ ይላል። አብሽሩ። «ኡስቴድ» ብላችሁ ብትጀምሩ ማንም አይከፋም፤ ራሳቸው «አንተ በለኝ» ይላሉ። የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ጓደኛሞች ሳይቀሩ «ኡስቴድ» ይባባላሉ፤ እዚያ እንደ ቤታችሁ ነው።

ይኼን እዚሁ መለማመድ ይቻላል። ሁለት ሆናችሁ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ በእግር እየሄዳችሁ በስፓኒሽ ብቻ አውሩ። ሰው ዞር ብሎ ያያችኋል። ይየው።

ደሴን ይዞ መሄድ

ከሐበሻ ጋር አትግጠሙ አልልም። ሰው ናፍቆት ይይዘዋል፤ ቡና አፍልቶ የሚጠራ ሰው ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ግን አብሮ መኖርና ቅዳሜ መገናኘት ይለያያል። ቀን ስፓኒሽ ሰምቶ ማታ ቤቱ ገብቶ በአማርኛ የሚያወራ፣ ሲተኛ ቴሌግራም ላይ የሰፈሩን ወሬ የሚያነብ ልጅ በተግባር ከደሴ አልወጣም። ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ወራት ከስፔን ቤተሰብ ጋር ወይም ከአገሬው ተማሪዎች ጋር ተቀመጡ። ለቤት የምትደውሉበትን ሰዓት ቁረጡ።

ምግቡን አለመጠየቅ

ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም እኩል የሚመለከተው ይኼ ነው። የአሳማ ሥጋ ስፔን ውስጥ ያልገባበት ወጥ የለም ቢባል ብዙ አልተጋነነም። የሽምብራ ወጥ ብላችሁ ታዛላችሁ፤ ቋሊማው ከውስጥ ይወጣል። «ሥጋ የለበትም?» ብትሉ «የለበትም» ይሏችኋል፤ ትንሽ የአሳማ ቁራጭ ለነሱ ሥጋ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ስሙን ጠርታችሁ «ኖ ኮሞ ሴርዶ» በሉ፤ አሳማ አልበላም ማለት ነው። በትልልቅ ከተሞች ሞሮኮዎች የከፈቷቸው «ካርኒሴሪያ ሐላል» የሚባሉ የሐላል ሥጋ ቤቶች አሉ። እራት ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት እምብዛም አይቀርብም፤ በጊዜ ለሚበላ ሰው ቦርሳ ውስጥ የሚቀመስ ነገር መያዝ አይከፋም። ለጿሚ ደግሞ ስለ ሁዳዴ ለአስተናጋጅ ማብራራት አያስፈልግም፤ «ቤጋኖ» (ከእንስሳት የሚገኝ ነገር የሌለበት) ሲባል ይገባዋል። ሰላጣ ስታዙ ግን «ሲን አቱን» ማለት አትርሱ። ካልሆነ ቱናው ላዩ ላይ ተነስንሶ ይመጣል።