ኡቡንቱ ከዊንዶውስ ጎን አልጫን ሲል

ኮምቦልቻ የሚማረው የአክስቴ ልጅ ቅዳሜ ዕለት ላፕቶፑን አዝሎ ደሴ ቤቴ መጣ። ኡቡንቱ የሚባለውን ነፃ ሥርዓተ ክወና ከዊንዶውስ ጎን ሊጭን ሞክሮ አልሆነለትም። "ወንድም ጋሼ፣ ኤስኤስዲው ሞቷል አሉኝ" አለኝ ገና ሳይቀመጥ፤ የላፕቶፑን ዲስክ ማለቱ ነው። አዲስ ለመግዛት ብር እያሰባሰበ ነበር። ላፕቶፑን ስከፍተው ግን ዊንዶውስ እንደ ወትሮው ተነሳ። የሞተ ዲስክ ደግሞ ዊንዶውስ አያስነሳም።

ምልክት፦ የኡቡንቱ መጫኛ "የት ልጫን?" በሚልበት ገጽ ላይ መጫኛው ያለበት 16 ጊጋው ፍላሽ ብቻ ይታያል። 512 ጊጋው ኤስኤስዲ የለም።

ምክንያት፦ ብዙ የኢንቴል ላፕቶፖች ከፋብሪካ ሲወጡ ዲስኩ አርኤስቲ ወይም ቪኤምዲ በሚባል አሠራር ሥር ነው። ዊንዶውስ ድራይቨሩ (ዲስኩን የሚያናግረው ፕሮግራም) ስላለው ያነበዋል። የኡቡንቱ መጫኛ ግን ብዙ ጊዜ ዲስኩን ማግኘት ያቅተዋል።

መፍትሄ፦ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የላፕቶፑ ማስተካከያ ገጽ) ገብቶ ዲስኩን ኤኤችሲአይ ወደሚባለው የተለመደ አሠራር መቀየር። ግን ዝም ብላችሁ አትቀይሩት፤ ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ አልነሳም ይላል። መጀመሪያ ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ። ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ካለ 48 አሃዝ ያለውን መክፈቻ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ። እባካችሁ ይህን አትዝለሉት፤ ቁጥሩ ከሌለ ፋይሉም የለም። የአካውንቱን ፓስወርድም አስታውሱ፣ ሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊ በሆኑት ነገሮች ብቻ የሚነሳበት) ላይ ፒን እምቢ ሊል ይችላል።

ከዚያ ዊንዶውስ ላይ ሲስተም ኮንፊገሬሽንን ክፈቱ። ቡት በሚለው ሥር ሴፍ ቡትን ምረጡና ሪስታርት አድርጉ። ዊንዶውስ ሳይነሳ ባዮስ ግቡ፤ ኤኤችሲአይ አድርጉት፣ ቪኤምዲ የሚል ካለ አጥፉት። ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ ሲነሳ የሚያስፈልገውን ድራይቨር ራሱ ያስገባል። የሴፍ ቡቱን ምልክት አንስታችሁ እንደገና ሪስታርት ማድረግ ነው። እኛ ቤት በረካው ሳይቀዳ 512 ጊጋው ስክሪኑ ላይ ወጣ። ልጁ ጣቱን አስጠግቶ ቁጥሩን ሁለቴ አነበበው።

ፍላሹ ራሱ ካልታየስ? ብዙ ጊዜ ችግሩ ፍላሹ የተዘጋጀበት መንገድ ላይ ነው። ሩፈስ በሚባለው የፍላሽ ማዘጋጃ ፕሮግራም ላይ ጂፒቲ እና ዩኢኤፍአይ የሚሉትን መርጣችሁ ድገሙት።

ተጭኖ አልቆ ዊንዶውስ ብቻ ከተነሳ፣ ባዮስ ውስጥ ካለው የቡት ቅደም ተከተል ኡቡንቱን አናት ላይ አውጡት።

መሃል ላይ መብራት ሄዶ ከተቋረጠ ደግሞ አትደንግጡ፣ ሁሉንም ፎርማት አድርጉ የሚላችሁንም አትስሙ። በፍላሹ ተነሱና በጅምር የቀረውን የኡቡንቱን ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ብቻ አጥፍታችሁ ድገሙት። ኢኤፍአይ የሚል ትንሽ ፓርቲሽን ታያላችሁ፤ እሱን እንዳትነኩት፣ ዊንዶውስም የሚነሳው በእሱ ነው። በሁለተኛው ሙከራ ባትሪው ሙሉ ይሁን። ባትሪው ካረጀ ከጎረቤትም ቢሆን ደህና ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ተዋሱ።