ሳንቲሙ ሲወድቅ ዝም በል

ጥር ላይ ነው። ደብረ ብርሃን፣ የሰርግ ድንኳን ውስጥ። ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጣቶቼ የእኔ አይመስሉም። የአንድ ብር ሳንቲም ቀኝ መዳፌ ውስጥ ደብቄ ግራ እጄን ለእድምተኛው እያሳየሁ ነበር። ድንገት ሳንቲሙ የለም። ቄጠማ ላይ ስለወደቀ ድምፅ እንኳ አላሰማም። በዓይኔ ጥግ ስፈልገው፣ ፊት ለፊት የተቀመጡ ጋቢ የለበሱ አባት ጫማ ሥር ጠርዙ ብልጭ አለ።

በዚያ ብርድ አላበኝ። ግን ትንፍሽ አላልኩም። ግራ እጄን ጨበጥኩ፣ እፍ አልኩበት፣ ከፈትኩት። ባዶ። ቀኙንም ከፈትኩ። እሱም ባዶ፤ የምሬን ባዶ። ከዚያ "አባባ፣ እስቲ ቀኝ እግርዎን ትንሽ ያንሡልኝ" አልኳቸው። አነሡ። ድንኳኑ በእልልታ ተናጋ። በኋላ ምሳ ላይ አስጠሩኝና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "ልጄ፣ ስትጥለው አይቼሃለሁ" አሉኝ። ለማንም አልተናገሩብኝም። እግዜር ይስጣቸው።

እኔ በሥራ ቀን ሞባይል እጠግናለሁ። ቅዳሜና እሑድ ሰርግ፣ ልደትና የትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ላይ ማጂክ እሠራለሁ። ሱቄ እየመጡ "አስተምረን" የሚሉኝ ልጆች ሁሉ የሚጠይቁኝ ዘዴውን ነው። ዘዴውን ዩቲዩብ ያስተምራል። እኔ የምነግራቸው ሲበላሽ ምን እንደሚደረግ ነው።

መጀመሪያ ይሄን ያዝ። ቀጥሎ የሚመጣውን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። "አሁን ይሄ ሳንቲም ጠፍቶ ከኪሴ ይወጣል" ብለህ ካወጅክ አንድ መውጫ ብቻ ቀረህ። ካላወጅክ አምስት አለህ፤ ከኪስ፣ ከጆሮ፣ ከጫማ ሥር፣ ከፈለግክበት ይወጣል። "ድገመው!" ሲሉህ የማትደግመውም ለዚሁ ነው። በሁለተኛው ዙር መጨረሻውን እነሱም ያውቁታል። ደግሞ የወደቀውን ነገር በዓይንህ አትከተል። ሰው የሚያየው አንተ የምታየውን ነው።

ብዙው ችግር ግን መድረክ ላይ ሳትወጣ የሚጀምር ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ደረቅና ቀዝቃዛ ነው፤ ጣት ይደርቃል፣ ካርታ ይንሸራተታል። እኔ ከመጀመሬ አሥር ደቂቃ በፊት እጄን ትንሽ ግሊሰሪን እቀባና የትኩስ ሻይ ብርጭቆ ይዤ እቆያለሁ። ጣርማበርን ተሻግረህ ሸዋ ሮቢት ስትወርድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ እጅ ያልባል፣ ካርታ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ክር የምታያይዝበት ሰም ይቀልጣል። አንድ ጊዜ ሰሙ ቀልጦ "የሚንሳፈፈው" ብር መሬት ላይ ዘጭ አለ። "ደክሞታል፣ ከደጋ ነው የመጣው" አልኩ። ሳቁ። አሁን ለቆላ ሌላ ቦርሳ አለኝ፤ ክርና ሰም የለበትም፣ ገመድ፣ ቀለበትና ሁለት ፎጣ ብቻ።

ካርታ ላይ ብዙ አትመካ። ገጠር ውስጥ ካርታ ማለት ቁማር ማለት ነው። ይሄ ባይኖር እንኳ የመረጡትን የሚረሱ ብዙ ናቸው። አንዲት እናት "የመረጡት ምን ነበር?" ስላቸው "ቀይ ነው፣ ሌላውን እኔ እንጃ" ብለውኛል። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፣ የእኔ ነው። ከዚያ ወዲህ የተመረጠው ካርታ ለሦስት ሰው ይታያል፣ በእስክሪብቶም ምልክት ይደረግበታል። ካርታው የት እንደገባ ከጠፋህስ? "ይሄ ነው?" ብለህ አንድ አንድ እያወጣህ አትለማመጥ። የመረጠውን ልጅ "የካርታህን ስም ጮክ ብለህ ጥራ" በለው። ከዚያ ካርታዎቹን ወደ ራስህ አዙረህ እያወራህ ፈልገው፣ አናት ላይ አድርገው፣ ድፍኑን በልጁ ኪስ ክተትና አንዱን ብቻ ስበህ አውጣ። በመጀመሪያ ያሰብከው ሌላ መሆኑን ማን ያውቃል?

አሁን ወደ ከባዱ። በእኛ አገር ማጂክ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው መተት ነው። አንድ ሰርግ ላይ አንድ ቄስ ከተቀመጡበት ተነሥተው አማተቡ። ድንኳኑ ጸጥ አለ። ሳቅ የማይፈታው ችግር ይሄ ነው፤ እንዳትቀልድ። እቃዬን አስቀምጬ ወደ እሳቸው ሄድኩ። "አባ ይፍቱኝ" ብዬ መስቀላቸውን ተሳለምኩ። እጅጌዬን እስከ ክንዴ ሰብስቤ "ይሄ የእጅ ቅልጥፍና ነው፣ እዩት" ብዬ ሳንቲም እንዴት መዳፍ ውስጥ እንደሚደበቅ ቀስ ብዬ አሳየኋቸው። አንዷን ትንሽ ምስጢር ሰጠኋቸው ማለት ነው። ራሳቸው ሞከሩት፣ ጣሉት፣ ሳቁ። ምስጢር መግለጥ ነውር ነው የሚሉ የሙያ ሰዎች አሉ። እነሱ የሚሠሩበት አገር ሌላ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስጀምር "የእጅ ጨዋታ ላሳያችሁ ነው" እላለሁ። "አስማት" የሚለውን ቃል አልጠራም። ትርጉም የሌለው ቃል አላነበንብም። ስለ ሰው የወደፊት ዕድል የሚናገር ነገርም አልሠራም፤ ነገ ጠዋት ሱቅህ በር ላይ ምን ዓይነት ሰው እንደሚቆም አታውቅም። በጾም ደግሞ የእንቁላልና የወተት ትርኢት ይቅር። ሰው ተሳስቶ እንዲቀምስ ያደረግክ ቀን ይቅርታ አይበቃህም።

"አየሁት! እጅጌው ውስጥ ነው!" የሚል ልጅ የማይጠፋበት መድረክ የለም። አትከራከረው። ጥራው፣ ስሙን ጠይቀው፣ ገመዱን አሲዘው። ዕቃ የያዘ ልጅ ዝም ይላል። አረቄ የቀማመሱ አጎት ከሆኑ ግን አትጥራቸው። ለሚዜዎቹ ምልክት ስጥ፤ እነሱ ያውቁባቸዋል።

መብራት ሲሄድ ዲጄው ይደነግጣል፣ አንተ አትደንግጥ። "ስልካችሁን አብሩልኝ" በል። ታዳሚው የትርኢቱ አካል ይሆንልሃል። አደጋው ከኋላህ የሚመጣው ብርሃን ነው፤ የደበቅከውን ሻርፕ ጥላ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ስለዚህ ወደ ግድግዳ ወይም ወደ ድንኳኑ ምሰሶ ጠጋ በል፣ ከኋላህ ሰው አይቁም። ሙዚቃ የማያስፈልገው አንድ ትርኢት ሁልጊዜ ኪስህ ውስጥ ይኑር።

እስካሁን ያወራሁት አፍ የሚፈታውን ነው። አፍ የማይፈታውም አለ። ቹንግ ሊንግ ሱ የሚባል ታዋቂ የመድረክ ሰው ነበር። ቻይናዊ ነኝ ይል ነበር እንጂ ዊልያም ሮቢንሰን የተባለ አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ለንደን ውስጥ የተተኮሰ ጥይት የመያዝ ትርኢቱን ሲያሳይ ጠመንጃው በእርጅና ተበላሽቶ ስለነበር የምሩን ጥይት ተፋበት። መድረክ ላይ እንግሊዝኛ አይናገርም ነበር፤ ያን ምሽት ግን በእንግሊዝኛ መጋረጃውን አውርዱ አለ። በማግስቱ ሞተ። ብሪታኒያዊው ቶሚ ኩፐር ደግሞ የታወቀው ማጂኩን እያበላሸ በማሳቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በቀጥታ የቴሌቪዥን ስርጭት ላይ ልቡ ቆሞ ሲወድቅ ተመልካቹ ይስቅ ነበር። የጨዋታው አካል መስሎት።

ስለዚህ ከረዳትህ ጋር "ይሄ የምር ነው" የሚል ምልክት ይኑርህ። እኔ የምሠራው ከእህቴ ልጅ ጋር ነው። መድረክ ላይ "ጩጬ" ነው የምለው። በክርስትና ስሙ ከጠራሁት ጨዋታ አበቃ ማለት ነው፤ ሮጦ ይመጣል። እሳት ያለበት ነገር ከሠራን ባልዲ ውኃ የሚይዘው እሱ ነው፤ ድንኳን ውስጥ ግን እሳት የሚባል ነገር ትቻለሁ።

የክርስትና ስሙን የጠራሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ገመድ ስቆርጥ መቀሱ አውራ ጣቴ ውስጥ ገባ። ልጁ መጥቶ እጄን በፎጣ ጠቀለለ፣ እኔን ወደ ውጭ ልኮ ራሱ አምስት ደቂቃ ቀልድ አወራ። ስወጣ አንድ አስተማሪ በር ላይ ያዘኝ። "ሁሉንም ደርሼበታለሁ" አለኝ። "ደሙን ግን እንዴት ነው የሠራኸው?"

ሦስት ስፌት ነበር።