ወላጅ የመጀመሪያውን አልትራ ማራቶን ሲሮጡ ቤተሰቡ እንዴት ይደግፋቸው?

ከ42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የሚረዝም ማንኛውም ሩጫ አልትራ ማራቶን ይባላል፤ በተራራና በጫካ መንገድ የሚካሄደውም ብዙውን ጊዜ 50፣ 100 ወይም 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። እናታችሁ ወይም አባታችሁ እንዲህ ላለ ውድድር ሲመዘገቡ የቤተሰቡ ድርሻ ማጨብጨብና ማበረታታት ብቻ ሊመስል ይችላል። በእኔ እምነት ዋናው ሥራ ሯጩን ከሐሳብ ማሳረፍ ነው፤ 10 ሰዓት ለሮጠ ሰው የትኛውን ካልሲ እንደሚቀይር መወሰን እንኳ ይከብዳል።

በቅድሚያ ደንቡን አንብቡ። ብዙ ውድድሮች ቤተሰብ እንዲረዳ የሚፈቅዱት በመንገዱ ላይ ሯጮች በሚያርፉባቸው የተወሰኑ ጣቢያዎች ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጪ ውኃ ማቀበል ሯጩን ሊያስቀጣ፣ አልፎም ከውድድሩ ሊያሰርዝ ይችላል። እያንዳንዱ ጣቢያ የሚዘጋበትን ሰዓትም በወረቀት ያዙ፤ በተራራ መካከል ስልክ ላይሠራ ይችላልና። የሚደርሱበትን ሰዓት ስትገምቱ ርቀቱን ብቻ አትቁጠሩ። የቆየው የተራራ ተጓዦች ስሌት ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር ዳገቱ ደግሞ ተጨማሪ 1 ሰዓት ይሰጣል፤ በዚህም 600 ሜትር ዳገት ያለው 10 ኪሎ ሜትር 3 ሰዓት ይወስዳል። ስሌቱ የእግረኛ ነው፤ ሌሊት ላይ ግን ሯጩም ብዙውን ጊዜ እግረኛ ነው።

ጣቢያው ላይ ፕላስቲክ ምንጣፍ ዘርግታችሁ ዕቃውን በሚፈለግበት ቅደም ተከተል ደርድሩ፦ የተሞላ የውኃ ጠርሙስ፣ ምግብ፣ ቫዝሊን፣ ደረቅ ካልሲ፣ የግንባር መብራትና መለዋወጫ ባትሪ፣ የዝናብ ጃኬት። የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። «ደከመዎት?» ብሎ መጠየቅ ምንም አይጠቅምም፤ መልሱ የታወቀ ነው። ይልቁንስ «ካለፈው ጣቢያ ወዲህ ምን በሉ? ለመጨረሻ ጊዜ የሸኑት መቼ ነው?» በሏቸው። ሁለተኛውን ጥያቄ ለወላጅ ማቅረብ ቢያሳፍርም ስለ ሰውነታቸው ሁኔታ ብዙ ይነግራችኋል።

በምግብ በኩል በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት የተለመደ መነሻ ነው። ከብዙ ሰዓታት በኋላ ግን ጣፋጭ ነገር ሊሰለች ስለሚችል ጨው ያለው ሾርባና የተቀቀለ ድንች አዘጋጁ፤ በልምምድ ጊዜ ያልሞከሩትን ምግብ ግን በውድድሩ ዕለት አታቅርቡላቸው። ውኃ ጠጡ እያላችሁም አትወትውቱ። ከጥም በላይ መጠጣት በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም ያቀጥነዋል፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ግራ መጋባት ያስከትላል፣ ሲብስም ለሕይወት ያሰጋል። ሕመም ለማስታገስ ብላችሁ አይቡፕሮፌን አትስጡ፤ ረጅም ሩጫ ያደከመውን ኩላሊት ይበልጥ ሊጎዳ ይችላል።

በጣም የሚከብደው ሰዓት «ይበቃኛል» ሲሉ ነው። ለዚህ ከውድድሩ በፊት፣ በሰከነ ሁኔታ፣ አብራችሁ ተስማሙ፦ ድካም ብቻ ከሆነ ልብስ ደርበው 10 ደቂቃ ይቀመጡ፣ ትንሽ ይብሉ፣ ከዚያ ይወስኑ። ንግግራቸው ከተዘበራረቀ፣ ቀጥ ብለው መራመድ ካቃታቸው፣ መንቀጥቀጡ አልቆም ካለ፣ ደጋግመው ካስታወኩ ወይም ሽንታቸው እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ ግን ክርክር የለም፤ ወዲያውኑ ለሕክምና ባለሙያ አሳዩአቸው። ልጅ የወላጁን ምኞት ላለማክሸፍ ሲል ይህን ማለፍ የለበትም።

ትንንሽ ልጆችን በቀን ወደሚደረስበት ጣቢያ ብቻ ውሰዱ፤ ሌሊት በብርድ የሚያለቅስ ሕፃን የሯጩን ልብ ይሰብራል። ከእናንተ መካከል መኪና የሚነዳውም ተራ ይዞ ይተኛ። ወላጃችሁ እንደጨረሱ ሰውነታቸው ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ እርጥቡን ልብስ ወዲያው አስቀይሯቸውና በብርድ ልብስ ሸፍኗቸው፤ ወደ ቤት ሲመለሱም መሪውን እሳቸው አይያዙ።